ልጅ በእጁ የሠራውን ያነባል

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዛሬው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ስለ ልጆቻችን ንባብ ጥቂት እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ በቅድሚያ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ከሒሳብ ሪፖርቱና ከድንኳኑ ጉዳይ ቀጥሎ የመጣ ርእስ ስለ ሆነ ብዙ ሳላደክማችሁ ልጨርስ እሞክራለሁ።

አንዳንዶቻችሁ «ዕድርና የልጆች ንባብ ምን አገናኘው?» እንደምትሉ እገምታለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዕድር የተቋቋመው ለሐዘን ቀን ነው። ታዲያ ዕድራችን የቆመው በምንድን ነው? በመዝገብ ነው። የአባሉ ስም፣ ወርኃዊ መዋጮው፣ ከቀብር የቀረበት ቀን፣ የተቀጣው ቅጣት፣ ከዕቃ ቤት የወጣው ድስትና አግዳሚ ወንበር ሁሉ ተጽፎ ይቀመጣል። መተዳደሪያ ደንባችንም ጽሑፍ ነው። ይህን መዝገብ ነገ የሚረከበው ማን ነው? ዛሬ በየግቢያችን ጭቃ የሚያቦካው ልጅ ነው። እርሱ አንባቢ ካልሆነ መዝገቡ ቢኖርም የሚከፍተው አይኖርም። ስለዚህ ጉዳዩ የት/ቤት ብቻ ሳይሆን የዕድራችንም ጉዳይ ነው እላለሁ።

ችግሩ ትንሽ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች በሚማሩ የአገራችን ተማሪዎች ላይ የንባብ ምርመራ ተደርጎ ነበር። በዚያን ጊዜ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ከመቶ 34ቱ በቀረበላቸው አጭር ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ሙሉ ቦርሳ ተሸክመው የተመላለሱ ልጆች ናቸው እኮ! በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ት/ቤቶች ሲዘጉ ደግሞ በብዙ ቤት ደብተር ለወራት ሳይገለጥ ቀረ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በወጣ ጊዜ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን ሁላችንም ሰምተን አዝነናል። ይህ ሁሉ በንባብ ጉድለት ብቻ የመጣ ነው አልልም። ነገር ግን ጥያቄውን አንብቦ ያልተረዳ ልጅ መልሱን ከየት ያመጣዋል? የ12ኛው ክፍል ውድቀት የሚጀምረው ከአንደኛውና ከሁለተኛው ክፍል ነው።

በዚህ ላይ ክረምት አለ። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ት/ቤት ዝግ ነው። በዓመቱ ውስጥ ፊደሉን እንደ ምንም ለይቶ የነበረ ታዳጊ በእነዚህ ወራት ይረሳዋል። ቀኑን በስልክና በቴሌቪዥን ፊት ያሳልፋል፤ መስከረም ላይ መምህሩ እንደገና ከ«ሀ» ሊጀምርለት ይገደዳል።

እንግዲህ ዛሬ የምናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጅ ንባብን የሚለምደው፣ በእጁ በሠራው ነገር ላይ ሌላ ሰው የሚያነበውን ቃል ሲጽፍ ነው። ለዚህ የሚሆነውን ሥራና ዕቃ ደግሞ ወቅቶቻችን ራሳቸው ከክረምት እስከ በጋ ያቀርቡልናል።

ይህ ከውጭ የመጣ ፈሊጥ አይደለም። በአገራችን እጅና ፊደል ተለያይተው አያውቁም። የጥንቱ ጸሐፊ ብራናውን ራሱ ይፍቃል፣ ጥቀርሻውን ራሱ ይበጠብጣል፣ መቃውን ራሱ ይቀርጻል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚጽፈው። በየኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠራችሁም ታስታውሳላችሁ፤ እያንዳንዱን ፊደል በስንደዶ እየነካችሁ ነበር የምትሉት። እጅ ሳይነካ ዓይን አይለይም ነበር ማለት ነው።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረውን ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም እናስታውስ። ከእናንተ መካከል በዚያ ዘመቻ ያስተማራችሁም የተማራችሁም ትኖራላችሁ። ያን ጊዜ ብዙ ጎልማሳ በመጀመሪያ የፈለገው የራሱን ስም መጻፍ ነበር። ለምን? በአውራ ጣት ከመፈረም ለመገላገል! ጽሕፈቱ የሚያገለግለው ነገር ስለ ነበረው ቶሎ ያዘው። ልጅም እንደዚሁ ነው። «ጻፍ» ስላልነው አይጽፍም፤ የሚጽፍበት ምክንያት ሲያገኝ ግን ማን ይከለክለዋል?

የክረምቱ ሥራ

ክረምት የጭቃ ወር ነው። እናቶች ልብስ ተበላሸ እያላችሁ ትቆጣላችሁ፤ እውነት ነው፣ ይበላሻል። ነገር ግን በአንድ አሮጌ ጣሳ የተቦካ ጭቃና አንድ እፍኝ ስንጥር ካለ፣ ያ ልጅ 231 የፊደል ቅርጾችን የሚማርበት መሣሪያ አለው። ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ የቤት ጭቃ ስናቦካ እንደምናደርገው ደቀቅ ያለ ጭድ ወይም ጥቂት አሸዋ ይግባበት።

እስቲ «በ»ን እንውሰድ። ሁለት እግርና አንድ ጣሪያ ናት፤ ሦስት ስንጥር ይበቃታል። ከቀኝ እግሯ መካከል አጭር ስንጥር ስንጨምር «ቡ» ሆነች። ያቺው ስንጥር ወደ ቀኝ እግሯ ጫፍ ስትወርድ «ቢ» ሆነች። ግራ እግሯን ብናሳጥር «ባ»፣ በቀኝ እግሯ ጫፍ ላይ የጭቃ ቀለበት ብንለጥፍ «ቤ»፣ አጭሯን ስንጥር በግራ ጎኗ ብናደርግ «ብ»፣ ቀኝ እግሯን ብናሳጥር «ቦ» ሆነች። ሰባቱም ቤቶች በአንድ እፍኝ ስንጥር ተሠሩ። «ሰ»ና «ሸ» በአብዛኛው በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። እንደ «ረ»ና «ፈ» ያሉት ከመንገዱ ወጣ ይላሉ፤ ልጁ ግን ልዩነቱን በእጁ ስለሚያገኘው አይረሳውም። በገበታ ላይ አይቶ በዜማ የሸመደደ ልጅ ከመካከል ገብታችሁ «ይህቺ ማን ናት?» ብትሉት ከ«ሀ» ጀምሮ ካልቆጠረ አይደርስባትም። በእጁ የሠራት ልጅ ግን ለብቻዋ ያውቃታል።

ከፊደል ወደ ቃል ሲኬድ ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ እንደ አበባ፣ ዶሮ፣ በሬ፣ ጎጆ ያሉትን መያዝ ነው። እነዚህን ልጁ በጭብጨባ ሲከፍላቸው አንዱ ጭብጨባ አንድ ፊደል ይሆናል፤ አ - በ - ባ፣ ሦስት ጭብጨባ፣ ሦስት ፊደል። ሳድስ የበዛባቸውን እንደ ልብስ፣ ዝናብ፣ ክረምት ያሉትን ወደ ኋላ ማቆየት ይሻላል። «ልብስ» ሦስት ፊደል ሆኖ ሳለ በአፍ ሲባል አንድ ጊዜ ነው የሚወጣው። ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ሰነፍ ስለ ሆነ አይደለም።

ሁለተኛው የክረምት ሥራ የዝናብ መዝገብ ነው። አንድ ቀጥ ያለ ባዶ ጣሳ ዛፍና ጣሪያ በማይጋርደው ስፍራ ይቀመጣል። ልጁ በየጧቱ ማስመሪያ አግብቶ ውኃውን ይለካል፣ ይደፋል፣ በደብተሩም ቀኑንና ልኩን ይጽፋል፤ «ሐምሌ 12፣ ሌሊት ዘነበ፣ በረዶ ነበረ» ብሎ። አንድ መስመር ብቻ ነው። ነሐሴ ሲያልቅ ግን 60 መስመር የጻፈ ልጅ ይሆናል። አባትየውም ማታ ሲገባ «ዛሬ ምን ያህል ዘነበ?» ብሎ ያስነብበው።

ሦስተኛው የቡሄ ሥራ ነው። ወንዶቹ ጅራፍ ይገምዳሉ፣ ዱላ ያዘጋጃሉ፣ በየቤቱም እየዞሩ ይጨፍራሉ። እኛ የምንጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመካከላቸው አንዱ ጸሐፊ ይሁን። የማን ቤት ስንት ሙልሙል፣ የማን ቤት ስንት ብር እንደ ሰጠ ይጻፍ። ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ ተብሎ በመጨረሻ ሲካፈሉ ጭቅጭቁም ይቀንሳል። ይህ የዕድራችን የሒሳብ መዝገብ ታናሽ ወንድም አይደለም እንዴ?

የመስከረም ሥራ

ከሁሉ የበለጠው ዕድል እንቁጣጣሽ ነው። ልጆች አበባና መላእክት በከለር እየሣሉ ለጎረቤት ማበርከታቸው የቆየ ልማዳችን ነው። ዛሬ ግን አንዳንዱ ልጅ የታተመ ሥዕል ገዝቶ ያንኑ ያዞራል። ገንዘቡን ያገኛል፤ የእጁ ሥራም ጽሕፈቱም ግን ቀረበት።

እኔ የምለው ይህን ልማድ እናጠናክረው ነው። ልጁ ከባዶ ካርቶን ቆርጦ፣ ከዱቄትና ከውኃ በፈላ ሙጫ ለጥፎ፣ በእርድ ቢጫ፣ በከሰል ጥቁር እየቀባ የራሱን ካርድ ይሥራ። ዋናው ነገር ግን ካርዱ የአንድ ሰው ስም ይኑረው። «ለጎረቤት» ሳይሆን ለእትዬ እገሊት፣ ለጋሼ እገሌ ተብሎ ይጻፍ። ስሙንም ልጁ ከዕድራችን መዝገብ ይቅዳ። እንደምታውቁት በፊደላችን ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደሎች አሉ፤ «ሰናይት» የምትልም «ሠናይት» የምትልም አለች። ባለቤቷ በምትጽፍበት መጻፍ አክብሮት ነው። ልጁ ይህን ሲማር ፊደል የሰው ስም መሆኑን፣ ቢሳሳት የሚቀየም ሰው መኖሩን ይረዳል።

ቀጥሎም ከ«እንኳን አደረስዎ» በታች ስለዚያ ቤት አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምር። «የእርስዎ ጽጌረዳ ከሁሉ ቤት በፊት አበበች» ይበል፤ ወይም «ጉንፋንዎ ስለ ተሻለዎት ደስ ብሎኛል» ይበል። በዚያውም ለታላቅ «እርስዎ»፣ ለእኩያ «አንተ»ና «አንቺ» መባሉን በጽሑፍ ይለምዳል።

እኛስ? ካርዱን ተቀብሎ ብር አውጥቶ መስጠት ብቻ አይበቃም። ልጁ ፊት ቆመን ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናንብብለት። ዓይናችን የደከመብን ወይም ፊደል ያልቆጠርን ደግሞ «እስቲ ልጄ፣ ምን ብለህ ነው የጻፍክልኝ? አንብብልኝ» እንበለው። አያፍርም፣ እኛም አናፍር። የጻፈው ቃል ሰው ጋ እንደ ደረሰ በዓይኑ ያየ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጽፋል።

የእስልምና እምነት ተከታይ የሆኑ አባሎቻችንም ይህ የሁላችን ነው። ለዒድ አልፈጥርና ለዐረፋ ልጆች እንዲሁ ካርድ ሊሠሩ ይችላሉ። እነዚህ በዓላት በጨረቃ ስለሚቆጠሩ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት ቀደም ይላሉ። ልጆች የዓመቱን የቀን መቁጠሪያ በካርቶን ላይ ሠርተው የሁሉንም በዓላት ስም ቢጽፉበት፣ ንባብም ይማራሉ፣ አንዱ የሌላውን በዓልም ያውቃል። በሐዘን ጊዜ በአንድ ድንኳን የምንቀመጥ ሰዎች ነን፤ በደስታውም ልጆቻችን ካርድ ቢለዋወጡ ያምርብናል።

የመኸርና የገና ሥራ

ከመስቀል በኋላ ሣሩ ሲደርቅ ስንደዶና አክርማ ገበያ ይወጣል። ስፌት የእናቶች ዕውቀት ነው። ልጅ፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ ከእናቱ ወይም ከአያቱ አጠገብ ተቀምጦ ትንሽ የማሰሮ ማስቀመጫ ይስፋ፤ በዚያውም የሚሠራውን በተራ ይጻፍ። መጀመሪያ ሣሩ በውኃ ይርሳል፣ ቀጥሎ እንዲህ ይደረጋል፣ ከዚያ በወስፌ ይበሳል እያለ። ጽሑፉን ለሌላ ልጅ ይስጠውና ያኛው አንብቦ ይሞክር። ካልሆነለት ከጽሑፉ የጎደለ ነገር አለ ማለት ነው፤ ጸሐፊው ተመልሶ ያርማል። አስተማሪ በቀይ እስክሪብቶ ከሚያርመው ይህ ይበልጣል። ደግሞስ እነዚህን ሙያዎች የያዙት እናቶቻችን እያለፉ ነው። የልጆቹ ጽሑፍ ነገ የእነርሱ ማስታወሻ ይሆናል።

ለገና ልጆች ዱላና ሩር ያዘጋጃሉ። የጨዋታው ሕግ በቡድኖቹ ተስማምቶ ይጻፍ፤ ክርክር ሲነሣ ወደ ጽሑፉ ይኬዳል። እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ትምህርትም አለ። «ገና» ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው፤ ላልቶ ሲነበብ «አልደረሰም» ማለት ነው። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «ገና ገና ነው» የሚለውን ጽፋችሁ ለልጁ ስጡት፤ እየሳቀ ይማረዋል። ንባብ ፊደል መጥራት ብቻ ሳይሆን ሐሳቡን መያዝ መሆኑን በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ይረዳል።

የበጋው ሥራ

በበጋ ልጆቻችን ከሽቦ መኪና፣ ከቆርኪ ጎማ ይሠራሉ። መኪናው ታርጋ ይኑረው። ታክሲ ከሆነም የሚሄድበት ይጻፍበት፤ ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ሜክሲኮ፣ ቦሌ ተብሎ። ወያላ የሚሆነው ልጅ አንብቦ ይጥራ፤ ተሳፋሪውም አንብቦ ይሳፈር፣ ያላነበበ ያላሰበበት ይሄዳል! በዚህ መንገድ ስንት የሰፈር ስም እንደሚያነቡ ቁጠሩት።

ለተለቅ ያሉት ደግሞ የመቃ ብዕርና የጥቀርሻ ቀለም አለ። መቃውን የሚቀርጸው ትልቅ ሰው ይሁን፤ ምላጭ በልጅ እጅ አይግባ። ልጆቹ በዚያ ብዕር ስለ አያቶቻቸው የሰሙትን አንድ አንድ ገጽ ይጻፉ። ገጾቹ በመርፌና በክር ተሰፍተው አንድ መጽሐፍ ይሆናሉ። ያ መጽሐፍ ስብሰባ በምናደርግበት ቤት ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ የማያነበው አባል ያለ አይመስለኝም።

ትልልቆቻችን ምን እናድርግ?

በብዙ ዓመት የማስተማር ሥራዬ ያየሁትን ባጭሩ ልናገር።

አንደኛ፣ ለልጁ አንሥራለት። ካርዱ ጠማማ ቢሆን ይሁን፤ የእርሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ስሕተቱን ሁሉ በአንድ ቀን አናርም። መጀመሪያ ያለውን እንስማ፤ ከዚያ አንዲት ፊደል ብቻ መርጠን «ይህቺን እስቲ እንደገና እያት» እንበል።

ሦስተኛ፣ ሥራ ያለ ጽሕፈት አይለቅ። ጭቃውም ሽቦውም ስፌቱም አንድ ቃል ይኑረው፤ ያለዚያ ጨዋታ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ጨዋታ መጥፎ ባይሆንም ዛሬ የመጣንበት ጉዳይ እርሱ አይደለም።

አራተኛ፣ የተጻፈው ይነበብ። አንባቢ ያላገኘ ጽሑፍ ጠያቂ እንዳጣ በሽተኛ ነው።

«ኧረ ይህ ሁሉ ጊዜ ያባክናል፤ ልጁ ተቀምጦ ፊደሉን ይቁጠር እንጂ» የሚል ወገን እንዳለ አውቃለሁ። ቆጠራው አይቅር፣ እኔም አልቃወመውም። ቆጠራ ድምፁን ያስይዛል። ቅርጹን እጅ ያስይዛል፤ ፍቅሩን ደግሞ አንባቢ ያስይዛል። ሦስቱ ሲገናኙ ነው አንባቢ የሚወጣው።

የማቀርበው ሐሳብ

የተከበራችሁ አባላት፣

በመጨረሻ ይህ ጉባኤ እንዲወያይባቸው የሚከተሉትን አቀርባለሁ።

1ኛ/ ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን በሳምንት ሁለት ጧት የዕድራችን መሰብሰቢያ ቤት ለልጆች ይከፈት። ቀብር ያለ ዕለት ይቀራል።

2ኛ/ ባዶ ካርቶን፣ ጣሳ፣ ቆርኪና አሮጌ ጋዜጣ ከየቤታችንና ከየሱቁ ይሰብሰብ። ከቀብር ገንዘባችን አምስት ሳንቲም አይነካም።

3ኛ/ ስፌት፣ ሸክላ፣ ሽመና ወይም እንጨት ሥራ የሚያውቁ እናቶችና አባቶች በወር አንድ ጧት ይስጡን። አሥረኛና ከዚያ በላይ ክፍል የደረሱ ልጆቻችንም ታናናሾቻቸውን ይርዱ።

4ኛ/ በመሰብሰቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ ሰሌዳ ይተከልና የልጆቹ ጽሑፍ በየሳምንቱ ይለጠፍበት። መዋጮ ልንከፍል ስንመጣ እናነበዋለን።

5ኛ/ አባት ወይም እናት የሞተባቸው የዕድራችን ልጆች በቅድሚያ ይጠሩ።

ስለዚህ ስለ አምስተኛው አንድ ቃል ልጨምር። ሰው ሲሞትብን ጡሩንባው ይነፋል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ሁላችንም እንደርሳለን። በዚህ ማንም አይወቅሰንም። ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ግን የዚያን ቤት ልጅ ደብተር ማን ያየዋል? «ዛሬ ምን ጻፍክ?» የሚለው ማን ነው? ያነብለት የነበረው ሰው ሄዷል። ለዚህ ልጅ አንባቢ መሆን ከመዋጮ በላይ ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። በየቀኑ የአምስት ደቂቃ ጆሮ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ዕድርተኛ ማለት በክፉ ቀን የማይለይ ማለት ከሆነ፣ ከሦስቱ ቀን በኋላ ያለው ጊዜም ክፉ ቀን መሆኑን አንርሳ።

ክረምቱ ሩቅ አይደለም። ዛሬ ብንወስን ሐምሌ ላይ ቤቱ ይከፈታል፤ በእንቁጣጣሽም እያንዳንዳችን ስማችን በትክክል የተጻፈበት ካርድ ይደርሰናል።

 ሐሳቡን ለጉባኤው ትቻለሁ።